የሁለት ሕንፃዎች ገመድ አልባ መስመር ሲደክም፦ ችግርና መፍትሄ

መስመሩ ሲደክም ብዙዎች ትልቅ ዲሽ ለመግዛት ይቸኩላሉ። እባክዎ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ሞገዱ የሚያልፍበትን መንገድና የአንቴናውን አቅጣጫ ይመርምሩ።

ወዲያ ማዶ ያለው ሕንፃ ይታያል፣ ሲግናሉ ግን ደካማ ነው

በዓይን መታየቱ በቂ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ መሃል መንገድ ላይ ስለሚሰፋ የፍሬስኔል ቀጠና የሚባል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። በ5.8 ጊጋኸርዝ በሚሠራ የ10 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ የቀጠናው ራዲየስ መስመሩ መሃል ላይ 11 ሜትር ያህል ነው፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም ወደ 7 ሜትር፣ ከማንኛውም እንቅፋት ነጻ መሆን አለበት። ምድር ክብ በመሆኗ መስመሩ መሃል ላይ የሚፈጠረው ጉብታ ደግሞ 1.5 ሜትር ገደማ ይጨምርበታል። መፍትሄው ምሰሶውን ማስረዘም ወይም ቦታ መለወጥ ነው። ባሕር ዛፍ ባለበት አካባቢ የዛሬውን ቁመት ብቻ አይለኩ፤ በጥቂት ክረምት ውስጥ መስመሩ ላይ ይደርሳል፣ ዝናብ ያረጠበው ቅጠሉም ሞገዱን ይበልጥ ያዳክመዋል።

ሲግናሉ ከስሌቱ በ20 ዴሲቤል ያህል ያንሳል

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዴሲቤል ሲግናል ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ መለኪያ ነው። በዚያው የ10 ኪሎ ሜትር መስመር አየሩ ላይ የሚጠፋው 128 ዴሲቤል ገደማ ነው። ማሰራጫው 20 ዴሲቤል ሚሊዋት (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር የሚለካ ኃይል)፣ አንቴናዎቹ እያንዳንዳቸው 25 ዴሲቤል የማጉላት አቅም ካላቸው፣ ተቀባዩ ላይ የሚደርሰው ሲግናል ወደ 58 ኔጌቲቭ ዴሲቤል ሚሊዋት (20 + 25 + 25 − 128) መሆን አለበት። 78 ኔጌቲቭ ካነበቡ አንቴናው በዋናው ጨረር ሳይሆን በጎን ጨረሩ፣ ማለትም ወደ ጎን በሚያፈስሰው ደካማ ጨረር፣ ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። አንደኛውን ጫፍ አጥብቀው ይሰሩና ሌላውን ቀስ ብለው በሰፊው ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ መጀመሪያ ያገኙት ከፍ ያለ ሲግናል ላይ አይቁሙ፣ አልፈውት ሄደው የሚበልጥ መኖሩን ይፈትሹ። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ይድገሙት፤ ቀጥሎም ጫፎቹን ይቀያይሩ። ፖላራይዜሽናቸው (ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ነጠላ በሆነ አንቴናዎች ላይ አንዱ አግድም ሌላው ቁም ተገጥሞ ቢገኝም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

ሲግናሉ ጠንካራ፣ ፍጥነቱ ግን የሚዋዥቅ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሌሎች ሬዲዮዎች ጣልቃ ገብነት ነው። ዙሪያውን የሚያሰራጭ አንቴና የአካባቢውን ጫጫታ ሁሉ ስለሚሰማ ለሁለት ቋሚ ነጥቦች አልመክረውም፤ ጠባብ ጨረር ያለው ዲሽ ይምረጡ። ብዙ ደንበኞችን ከአንድ ምሰሶ ለማገልገል ግን ሴክተር አንቴና፣ ማለትም አንድን ሰፊ አቅጣጫ የሚሸፍን አንቴና፣ ይሻላል። ቻናሉንም ቃኝተው ነጻውን ይያዙ፤ ነጻ ቦታ ከጠበበ የቻናሉን ስፋት ይቀንሱ።

ከዝናብ በኋላ መቋረጥ

በ5 ጊጋኸርዝ ዝናቡ ራሱ ብዙ አይጎዳም። ውሃ የገባበትን የኬብል ማገናኛ ይፈልጉ፣ ይቀይሩት፣ ውሃ በማያስገባ ቴፕ ጠቅልለው ኬብሉን ወደ ታች አጥፈው ያስሩት።