ግድግዳ ላይ ፀሐይ ማውጣት፦ ሳሎንን በአርት ዴኮ ስልት እንዴት እናስጊጥ?

ብዙዎቻችን ሳሎን ስናስቀባ ክሬም ቀለም እንመርጣለን። ክሬም ከማንም ጋር አይጣላም፤ ከሶፋውም ከመጋረጃውም ይስማማል። ግን ማታ ከሥራ ደክሟችሁ ገብታችሁ በሩን ስትከፍቱ፣ ልብ ደስ የሚያሰኝ ነገር የለውም። ዛሬ ደፈር ያለ ነገር ላሳያችሁ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ዓለምን ካስደመመው የአርት ዴኮ ስልት አንድ ጌጥ ወስደን ከሶፋችን ጀርባ እንሠራዋለን።

አርት ዴኮ የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ላይ ከተካሄደው ትልቅ የጌጥና የኢንዱስትሪ ጥበባት ዐውደ ርዕይ ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት አልፏል፤ ሰው ድምቀት ናፍቆታል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1922፣ ግብፅ ውስጥ የፈርዖኑ የቱታንክሃሙን መቃብር ተገኝቶ የወርቁ ነገር ሁሉንም አነጋግሯል። መኪናውና አውሮፕላኑም የዘመኑ ኩራት ነበሩ። ከዚህ ሁሉ ሹል፣ የተመጣጠነና የሚያብረቀርቅ ስልት ተወለደ። የፀሐይ ጨረር፣ ዚግዛግ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ቅርጽ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ መስመር። በ1930 ያለቀውን የኒውዮርኩን ክራይስለር ሕንፃ አናት ፎቶ አይታችሁ ከሆነ፣ ተደራርበው የሚወጡት ቅስቶችና ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮቶች ፀሐይ ስትወጣ ይመስላሉ። ለእኛም ሰፈር ሩቅ አይደለም። አስመራ ላይ በ1937 የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ የዚሁ ስልት ልጅ ነው።

እኔ የምወደው ጌጥ የፀሐይ ጨረሩን ነው። ለመሥራት ውድ ዕቃ አይፈልግም። የሚፈልገው ልክ ነው። መጀመሪያ የሞከርኩ ጊዜ በዓይን ግምት ከጥግ ጀምሬ መስመር አሰመርኩ። ሲያልቅ ፀሐይዋ ከሶፋው መሀል አራት ጣት ያህል ወደ ግራ ሸሽታለች። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ባያውቅም ዓይኑ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። ሁለት ቀን የፈጀብኝን ሥራ አጥፍቼ እንደገና ቀባሁት። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ለሜትሩ ጊዜ ስጡት።

ግድግዳውና ቀለሙ

አንድ ግድግዳ ብቻ ምረጡ። በር ከፍታችሁ ስትገቡ ፊት ለፊት የሚታየው፣ መስኮትም በርም ያልቆረጠው ይሁን። ሌሎቹን ሦስቱን በክሬሙ ተዉአቸው፤ ደማቁ ነገር ደምቆ የሚታየው አጠገቡ ጸጥ ያለ ነገር ሲኖር ነው።

ሁለት ቀለም ያስፈልጋል። አንዱ ጥልቅ ቀለም ነው፦ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም የወይን ጠጅ። ሁለተኛው ወርቃማ። ጥልቁን ቀለም የማያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም አድርጉት። የሚያብረቀርቅ ከሆነ የግድግዳውን እብጠትና ጉድጓድ ሁሉ ያጋልጣል። ወርቃማውን በተመለከተ፣ የብረት ቅንጣት ያለው ወርቃማ ቀለም ገበያ ላይ አለ፤ ያምራል፣ ግን የሩሎው መንገድ በቀላሉ ይታይበታል። ለጀማሪ ሰናፍጭ መሳይ ቢጫ ይሻላል ባይ ነኝ። ብልጭታውን በኋላ ከናስ ዕቃ እናመጣዋለን።

ከመወሰናችሁ በፊት ትልቅ ካርቶን ቀብታችሁ ግድግዳው ላይ አስደግፉ። ጠዋት እዩት፤ ማታም መብራት አብርታችሁ እዩት። ጥልቅ ቀለም በቀንና በማታ ሁለት የተለያየ ቀለም ነው።

ከዚያ ግድግዳውን አዘጋጁ። ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኑ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ግድግዳውን በሙሉ በጥልቁ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡና ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። በኋላ ጠርዝ የምንይዝበትን የወረቀት ፕላስተር እርጥብ ቀለም ላይ ብትለጥፉ ስትነቅሉት ቀለሙን ይዞት ይመጣል።

ልኩ

ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር)፣ ሲባጎ፣ እርሳስ፣ ትንሽ ምስማር፣ ቀጥ ያለ ጣውላና የቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር አዘጋጁ።

ከወለሉ 90 ሳ.ሜ. ከፍ ብላችሁ በውሃ ልክ አግድም መስመር አስምሩ። የሶፋችሁ መደገፊያ ከዚህ ከረዘመ መስመሩን ከሱ ትንሽ ከፍ አድርጉት። የግድግዳውን ስፋት ለክታችሁ መሀሉን መስመሩ ላይ ምልክት አድርጉ። ይህ የፀሐይዋ እምብርት ነው። ምስማሩን እዚያ ምቱ። ሶፋው በኋላ ወደ እምብርቱ ይጠጋል እንጂ እምብርቱ ሶፋውን አይከተልም።

ሲባጎውን ምስማሩ ላይ አስራችሁ በሌላው ጫፍ እርሳስ እሰሩ። በመካከላቸው ልክ 1 ሜትር ይሁን። ሲባጎውን ወጠር አድርጋችሁ ከአግድሙ መስመር በላይ ግማሽ ክብ ሳሉ። ሲባጎው የሚለጠጥ ዓይነት እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

አሁን ቅስቱን 15 ቦታ እንከፍላለን። ለምን 15? ጎደሎ ቁጥር ሲሆን ግራና ቀኝ ዳር ያሉት ጨረሮች አንድ ቀለም ይሆናሉ፤ መሀል ላይም አንድ ጨረር ቀጥ ብሎ ይቆማል። በ14 ብትከፍሉት ሚዛኑ ይዛባል። የእያንዳንዱ ጨረር ስፋት 12 ዲግሪ ነው፤ ግን ፕሮትራክተር አያስፈልግም። 1 ሜትር ርቀት ላይ ነጥብ ከነጥብ 20.9 ሳ.ሜ. ይሆናል። ሜትሩን ከቅስቱ ጋር አታጉብጡት፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። ከግራ ጫፍ ሰባት ጊዜ፣ ከቀኝ ጫፍ ሰባት ጊዜ ለክታችሁ ወደ መሀል ኑ። በመጨረሻ ከእምብርቱ በላይ ቱምቢ አንጠልጥሉ። የመሀሉ ጨረር ሁለት ነጥቦች ከቱምቢው ክር ግራና ቀኝ እኩል፣ ወደ 10.5 ሳ.ሜ. ገደማ፣ መራቅ አለባቸው። ካልሆነ አጥፍታችሁ ድገሙት፤ እርሳስ ነው፣ ይጠፋል።

ልኩ ሲስተካከል ጣውላውን ከምስማሩ ወደ እያንዳንዱ ነጥብ አስደግፋችሁ መስመሩን እስከ ጣሪያውና እስከ ግድግዳው ጥግ ድረስ አስምሩ።

ጨረሮቹ እምብርቱ ላይ ሲገናኙ በጣም ይቀጥኑና ሥራው ይጨማለቃል። ለዚህ መላ አለው። ከምስማሩ 20 ሳ.ሜ. ላይ ትንሽ ግማሽ ክብ፣ 25 ሳ.ሜ. ላይ ሌላ ግማሽ ክብ ሳሉ። ትንሹ ክብ ወርቃማ ይቀባል። ጨረሮቹ ደግሞ ከ25 ሳ.ሜ. ይጀምራሉ። በመካከል የሚቀረው 5 ሳ.ሜ. ጥልቅ ቀለም እንደ ቀለበት ሆኖ ያምራል።

ቅቡ

ከግራ ስትቆጥሩ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ እስከ 14ኛው ያሉት ሰባት ጨረሮች ወርቃማ ይሆናሉ። ፕላስተሩን ከእነዚህ ጨረሮች ውጭ፣ መስመሩን ይዛችሁ ለጥፉ። ጠርዙን በጥፍራችሁ ጫን ጫን አድርጉት።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ወርቃማውን ከመቀባታችሁ በፊት የፕላስተሩን ጠርዝ በዚያው በጥልቁ ቀለም ስስ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ እለፉበት። በፕላስተሩ ሥር የሚሾልክ ቀለም ካለ የሚሾልከው ጥልቁ ይሆናል፤ ግድግዳው ራሱ ጥልቅ ስለሆነ አይታይም። ሲደርቅ ወርቃማውን በትንሽ ሩሎ ቀቡ። ከእምብርቱ ወደ ውጭ፣ በአንድ አቅጣጫ። ጥልቅ ቀለም ላይ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ላይበቃ ይችላል፤ ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይሻላል። የመጨረሻው ቅብ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጠፍ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ። ትንሹን ክብ በቀጭን ብሩሽ በእጅ ቀቡት። ምስማሩን አውጥታችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ።

ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ማስቀየም አያስፈልግም። የተለመደው ኮምፐርሳቶ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። አጋድማችሁ ስታስቀምጡት የታችኛው ጠርዝ መሀል እምብርት ይሆናል፤ ከግማሽ ክብ ጋር ልክክ ይላል። ቀብታችሁ ከሶፋው በላይ ስቀሉት። ቤት ስትቀይሩ ፀሐይዋም አብራ ትሄዳለች። አሜሪካም አውሮፓም ተከራይታችሁ ለምትኖሩ ይህ መንገድ ይሻላችኋል።

የቀረው ቤት

መብራቱን ካልቀየራችሁ ድካማችሁ ግማሹ ይባክናል። ነጭ የሚያበራ አምፖል ጥልቅ ቀለምን አመድ ያስመስለዋል። ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ያለው፣ ማሸጊያው ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚል አምፖል ግዙ። ከጣሪያው መሀል ከሚወርደው አንድ መብራት ይልቅ ከሶፋው ግራና ቀኝ ሁለት ተመሳሳይ መብራት አድርጉ።

ከእናት ከአባት የተረፈ ቡፌ ካላችሁ አትጣሉት። የአርት ዴኮ ዘመን የቤት ዕቃ ሊቃውንት፣ ለምሳሌ አይሊን ግሬይ፣ የእንጨት ዕቃ ላይ ላከር የሚባለውን አብረቅራቂ ቅብ ደርብ በደርብ እየቀቡ እንደ መስተዋት ያበሩት ነበር። እኛ በቀላሉ ብንሠራው፣ የድሮውን ቫርኒሽ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፣ መነሻ ቀለም ስጡት፣ ከዚያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ሦስት ጊዜ በስሱ ቀቡ። በየመሀሉ በ400 ቁጥር ለስለስ አድርጉት። እጀታዎቹን በናስ ቀይሩ። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ የናስ እጀታ ፈልጉ፤ ሲወለወል ከአዲሱ ይበልጣል።

ሶፋው አንድ ቀለም፣ ከተቻለ የከፋይ ጨርቅ ይሁን። ትራሱ ላይ ግን መጫወት ይቻላል። የሸማኔዎቻችን ጥለት፣ በተለይ ጥቁርና ወርቃማው ባለ ማዕዘን ንድፍ፣ ከዚህ ስልት ጋር እንዴት እንደሚግባባ አይታችሁ ፍረዱ። ሁለት ትራስ ይበቃል። ግድግዳው ትልቅ ንድፍ ስለሆነ ትራሱ ደቃቅ ንድፍ ይሁን፤ መጋረጃና ምንጣፍ ላይ ሌላ ንድፍ አትጨምሩ።

በመጨረሻ መስተዋት። ክብ ይሁን፣ ከፀሐይዋ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ። ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ሰው ይያዝላችሁና እናንተ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ከፍ ዝቅ እያስደረጋችሁ የመሀሉ ጨረር መስተዋቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲታያችሁ፣ እዚያው ላይ ምስማሩን አስመቱ።