ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ኦፕራሲዮኑ ግን ትንሽ አይደለም

እህቴ የሐሞት ከረጢቷን በካሜራ ልታስወጣ የሄደች ቀን ቤታችን ውስጥ ብዙ ጭንቀት አልነበረም። «አይቀደድም እኮ፣ በቀዳዳ ነው የሚሠሩት» እየተባባልን ሸኘናት። በማግስቱ ወደ ቤት መጣች። ሌሊቱን ግን «ትከሻዬን፣ ትከሻዬን» እያለች አደረች። ሆዷ የተነካ ሰው ትከሻዋን ምን አመማት? ሁላችንም ደነገጥን።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ሕክምና ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ምርምሩ ባለፉት 40 ዓመታት በጣም ሩቅ ሄዷል። እኛ ጋ የደረሰው ግን አብዛኛው ወሬው ነው። እኔና ቤተሰቤ፣ ጎረቤትና ጓደኛም ጭምር፣ ስንሳሳት ያየኋቸውን አንድ በአንድ ልጻፍ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. «በቀዳዳ ስለሆነ ቀላል ነው» ማለት

ላፓራስኮፒ፣ ማለትም በካሜራ የሚሠራው የቀዳዳ ኦፕራሲዮን፣ የቀየረው መግቢያውን ነው። እምብርት አካባቢ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈትና ካሜራ ይገባል። ሁለት ሦስት ሌሎች ቀዳዳዎች ለመሣሪያዎቹ ይከፈታሉ። ሐኪሙ ለመሥራት ቦታ እንዲያገኝ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። ውስጥ ሲደረስ ግን የሚቆረጠው ያው ነው፤ ሙሉ ማደንዘዣውም ያው ነው።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቁስሉ የማመርቀዝ ዕድሉ ይቀንሳል፣ ሰው ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በተቆረጠው ቦታ ላይ በኋላ የሚመጣው ቡአም ያንሳል። እንዲህም ሆኖ መጀመሪያ ላይ የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበር። ኤሪክ ሙሄ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በመስከረም 1985 የሐሞት ከረጢትን በላፓራስኮፒ ሲያወጣ፣ የገዛ የሙያ ጓደኞቹ ፊት ነሱት። በ1987 ፊሊፕ ሙሬ ፈረንሳይ ሊዮን ውስጥ ሠራው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። መስፋፋቱ ከሥልጠናው ቀደመ። ይህ ደግሞ ወደሚቀጥለው ስህተት ያደርሰናል። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

2. «በካሜራ ጀምረው ቀደዷት» ብሎ ሐኪምን መክሰስ

አንዳንዴ ሐኪሙ በካሜራ ይጀምርና ሆድ ከፍቶ ይጨርሳል። ቤተሰብ ደጅ ቆሞ ይህን ሲሰማ «አበላሹት» ይላል። እኔም ብሆን እል ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ። በድሮው ክፍት ኦፕራሲዮን ዋናው የሐሞት ቱቦ የሚጎዳው ከ1,000 ሰው በ1 ወይም በ2 ላይ ነበር። ላፓራስኮፒ ሲመጣ ቁጥሩ ከ4 እስከ 6 ደረሰ። ይህ ቱቦ ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት የሚወስድ ነው። ከተቆረጠ ሌላ ትልቅ ኦፕራሲዮን ይጠይቃል፤ ጣጣው ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ለምን ይቆረጣል? በ2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 252 እንዲህ ያሉ ጉዳቶችን መረመረ። ከ100 በ97ቱ ዋናው ምክንያት የእጅ ድክመት አልነበረም፤ የዓይን መታለል ነበር። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ያየው ዋናውን ቱቦ ነው። አእምሮው ግን «ይህ ከረጢቱን የሚያገናኘው ትንሹ ቱቦ ነው» አለው። ቆረጠው። ብዙዎቹም በዚያች ሰዓት መሳሳታቸውን አላወቁም ነበር። ይህን ሳነብ ገጹን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ።

መፍትሔው አዲስ መሣሪያ አልነበረም። ስቲቨን ስትራስበርግ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም በ1995 ያቀረበው ደንብ ነው። ምንም ነገር ከመቆረጡ በፊት ሦስት ነገር ይረጋገጣል። በከረጢቱና በጉበቱ መካከል ያለው ቦታ ከስብ መጽዳት አለበት። የከረጢቱ የታችኛው ክፍል ከጉበቱ መላቀቅ አለበት። ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸው መታየት አለበት፤ አንድ ቱቦና አንድ የደም ሥር። ሦስቱ ካልታዩ አይቆረጥም።

አካባቢው በጣም ከቆሰለና ከተጣበቀ ሦስቱን ማየት ላይቻል ይችላል። ያኔ ጥሩ ሐኪም ይቆማል። ሌላ ሐኪም ይጠራል፣ ወይም የከረጢቱን ከፊል ብቻ ያወጣል፣ ወይም ሆድ ይከፍታል። ስለዚህ «ከፈትነው» ሲባሉ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ምን አይታችሁ ነው?» የሚል ነው። ያ ረጅም ጠባሳ ጉበቷን አድኖላት ሊሆን ይችላል።

3. «እስኪ ከበዓሉ በኋላ» ማለት

መጀመሪያ አንድ ነገር። ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲነሱ የሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ታየ ማለት ከረጢቱ ይውጣ ማለት አይደለም። ምንም ስሜት የሌለው ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል።

ከረጢቱ ተቆጥቶ ትኩሳትና የማያባራ ሕመም ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ጭምር «በመድኃኒት ይብረድ፣ ከሳምንታት በኋላ እንሠራዋለን» ይሉ ነበር። አብዛኛው ጀርመን ውስጥ የተካሄደና በ2013 የታተመ ጥናት ይህን ፈተሸው። 618 ሕሙማን ነበሩ። ግማሾቹ ሆስፒታል በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ተሠሩ። ሌሎቹ አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸው ከ7 እስከ 45 ቀን ጠበቁ። ቶሎ ከተሠሩት ውስጥ ችግር የገጠማቸው ከ100 ሰው 12 ያህሉ ነበሩ። ከጠበቁት ግን ከ100 ሰው 34 ያህሉ ችግር ገጠማቸው። ሆስፒታል የተኙበት ጊዜም እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ሁሉም ሆስፒታል በ24 ሰዓት ውስጥ ክፍል አያገኝም፤ ይህን እኛ አገር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐኪሙ «ዛሬ እንሥራው» ብሎ ቦታ ሲገኝ ግን በእኛ ምክንያት ባይዘገይ ጥሩ ነው።

4. የትርፍ አንጀትን ዜና በከፊል አንብቦ ፋርማሲ መሄድ

«ትርፍ አንጀት ያለ ኦፕራሲዮን በአንቲባዮቲክ ይድናል» የሚለው ዜና ውሸት አይደለም። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በ2020 ታትሟል። 25 ሆስፒታሎችና 1,552 ሕሙማን ነበሩበት። አንቲባዮቲክ የወሰዱት በ30 ቀን ውስጥ የነበራቸው ጤንነት ከተሠሩት አላነሰም። ነገር ግን ከ10 ሰዎች 3ቱ ገደማ በ90 ቀን ውስጥ መሠራታቸው አልቀረም። ትርፍ አንጀታቸው ውስጥ ጠጠር ከነበረባቸው ደግሞ ከ10 ሰዎች 4ቱ ገደማ ተሠሩ።

ዜናው የሚዘለውን ልጨምር። እነዚህ ሰዎች ምርመራቸው በምስል የተረጋገጠ ነበር። መድኃኒቱ የተጀመረው በደም ሥር ነው። ቢብስባቸው የሚሠራቸው ሐኪም እዚያው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ቤት ተኝቶ መጠበቅ ከዚህ ጋር ምንም አይገናኝም። ቀኝ የሆድ ታችን ይዞ የሚብስ ሕመም ካለ ቦታው ድንገተኛ ክፍል ነው። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ሲጠብቅ ፈንድቶበት ሆዱ በሰፊው ተከፍቶ ነው የዳነው። ቀድሞ ቢሄድ በሦስት ቀዳዳ ይወጣለት ነበር።

5. «ሮቦት ካለ ሮቦት ይሻላል»

በመስከረም 2001 ኒው ዮርክ የተቀመጡ ሐኪሞች ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የተኛች የ68 ዓመት ሴት የሐሞት ከረጢት በሮቦት አወጡ። መሐላቸው ውቅያኖስ ነበር። ሲነበብ ይደንቃል። ግን የሚደንቅ ነገር ሁሉ ለሕመምተኛው የተሻለ ነው ማለት አይደለም።

በ2017 የወጣ ጥናት የደንዳኔ (የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል) ካንሰር ያለባቸውን 471 ሰዎች ተከታተለ። ግማሾቹ በሮቦት፣ ግማሾቹ በተራው ላፓራስኮፒ ተሠሩ። ሆድ መክፈት የግድ የሆነባቸው በሮቦቱ ከ100 ሰው 8 ያህሉ፣ በሌላው 12 ያህሉ ነበሩ። ልዩነቱ በስታትስቲክስ ሲመዘን በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ ቤት ሸጦ ሮቦት ፍለጋ ውጭ አገር ከመሄድ በፊት፣ እዚሁ ያለው ሐኪም ይህን ኦፕራሲዮን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሠራ ይጠየቅ። ጥያቄው ነውር አይደለም። በትሕትና ሲጠየቅ ጥሩ ሐኪም አይከፋውም።

ካንሰርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ለትልቁ አንጀት ካንሰር ላፓራስኮፒ መጀመሪያ ተፈርቶ ነበር፤ ካንሰሩ በቀዳዳዎቹ ላይ ይዘራል ተብሎ። በ2004 የወጣ የ872 ሰዎች ጥናት ሲታይ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ከክፍቱ ጋር ተቀራራቢ ሆነ። ፍርሃቱ ረገበ። ለማኅፀን በር ካንሰር ግን በ2018 የታተመው ጥናት ተቃራኒውን አሳየ፤ በቀዳዳ የተሠሩት ሴቶች ሆዳቸው ተከፍቶ ከተሠሩት ይልቅ ካንሰሩ በብዛት ተመለሰባቸው። ያው ካሜራ ነው፣ ያው ሆድ ነው፤ ውጤቱ ግን ተለያየ። «ለእሷ በካሜራ ተሠርቶላት፣ ለእኔ ለምን?» ሲባል መልሱ እዚህ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

6. ከሚገባው በላይ ተርቦ መሄድ

እህቴ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ምንም አልቀመሰችም፣ ውኃም ጭምር። ተራዋ የደረሰው በማግስቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። 18 ሰዓት ማለት ነው። «ጾም የለመደ ሰው ምን ይሆናል» ብለን አለፍነው።

ሄንሪክ ኬሌት የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ1990ዎቹ ሰውነትን በኦፕራሲዮን ዙሪያ የሚያደክሙትን ልማዶች አንድ በአንድ መመርመር ጀመረ። ረጅም መራብ አንዱ ነበር፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ አልጋ ላይ መክረም ሌላው። ዛሬ የብዙ አገር መመሪያ ለጤነኛ ጨጓራ እንዲህ ይላል፦ ቀለል ያለ ምግብ ማደንዘዣው 6 ሰዓት እስኪቀረው፣ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይቻላል። አንጀቱ የተዘጋበት፣ ስኳር ያለበት ወይም ጨጓራው ቀስ ብሎ የሚፈጭ ሰው ግን የተለየ ነው። ስለዚህ በራስ ግምት መጠጣትም አይገባም። ማደንዘዣ የሚሰጠውን ባለሙያ «ውኃ እስከ ስንት ሰዓት ልጠጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

7. ቤት ከተገባ በኋላ ምልክትን መናቅ

ቁስሏ አራት ትናንሽ ፕላስተር ነው። ጠያቂ ይመጣል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ «ደህና ነሽ እኮ» ይባላል። አደጋው እዚህ ጋ ነው። በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ ያለበት ሕመም ከጨመረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ትውከት ካላቆመ፣ ወይም ደረት ከተያዘና ትንፋሽ ካጠረ ያኔውኑ መመለስ ያስፈልጋል።

ዓይን ቢጫ ሲሆን ደግሞ ሰዎቻችን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ወደ ባህል መድኃኒት ይሄዳሉ። የሐሞት ከረጢት ከወጣ በኋላ የሚመጣ ቢጫነት ግን ቱቦው ተጎድቷል ወይም ጠጠር ቀርቶበታል ማለት ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ነገር ይተርፋል። አንድ ቀን እንኳ አይጠበቅም።

ከሆስፒታል ሲወጡ ሌሊት የሚደወልበት ስልክ ይጠይቁ። እህቴ ወረቀቷ ጀርባ ላይ አጽፋው ነበር። ያን ሌሊት የደወልነው እሱ ላይ ነው። ያነሳችው ነርስ መጀመሪያ ስለ ትንፋሿ፣ ስለ ትኩሳቷና ስለ ዓይኗ ጠየቀችን። ከዚያ አስረዳችን። ሆዷን የነፉበት ጋዝ ከሳንባ በታች ያለውን ጡንቻ ሲቆጣው፣ ሕመሙ በነርቭ በኩል ትከሻ ላይ ይሰማል፤ በጥቂት ቀናትም ይጠፋል። «አንሷትና ትንሽ ትራመድ» አለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እኔና እህቴ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ሳሎኑን ዞርነው። በሦስተኛው ቀን ትከሻዋ ለቀቃት።