ለመጋረጃችሁ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ሚዛን ፈልጉ

ተጠቅላይ የመስኮት መጋረጃችሁን ራሳችሁ በሞተር ልታንቀሳቅሱ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ የሻንጣ ሚዛን አግኙ፤ ከውጭ የሚመላለስ ዘመድ ያለው ቤት አያጣውም። የሚዛኑን መንጠቆ በመጋረጃው ሰንሰለት ላይ አያይዙ፣ ጨርቁ መውጣት እስኪጀምር ወደ ታች ሳቡና ቁጥሩን አንብቡ። ሚዛኑ 2 ኪሎ ግራም ቢያሳይና ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሁለቱን አባዙ፤ የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ጉልበት 3 ኪሎ ግራም-ሴንቲ ሜትር (kg·cm) ነው። ስትገዙ ግን የዚህ እጥፍ ጉልበት ያለውን ሞተር ግዙ። በመማሪያ ዕቃዎች ውስጥ የሚመጣው ትንሹ ባለ 5 ቮልት ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር) ለዚህ ፈጽሞ አይበቃም።

እኔ የምመርጠው ዎርም ጊር (በብሎን መሰል ዘንግ የሚዞር ማርሽ) ያለው ባለ 12 ቮልት ሞተር ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ መጋረጃው አይንሸራተትም። ችግሩ መብራት ሲጠፋ በእጅ አለመሳቡ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩን በቀላሉ በሚፈታ ብሎን እሰሩት። መብራት ሲመለስ ሞተሩን የሚያዘው መቆጣጠሪያ መጋረጃው የት እንደቆመ ላያውቅ ይችላል። ከላይ በኩል ማቆሚያ ማብሪያ (መጋረጃው ሲነካው ሞተሩ እንዲቆም የሚያደርግ) ግጠሙና ሁልጊዜ መጀመሪያ እዚያ እንዲደርስ አድርጋችሁ ፕሮግራሙን ጻፉ፤ አለዚያ ሞተሩ እስኪቃጠል ይስባል።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ይህን በፍጹም አትለፉት፦ የተንጠለጠለ የሰንሰለት ቀለበት የሕፃን አንገት ሊያንቅ ይችላል። ሰንሰለቱን ወጥራችሁ ከግድግዳው ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የሕፃን አልጋም ከመስኮቱ አርቁ።