ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ከመቀየራችሁ በፊት የሞተሩን ትንፋሽ እዩ

ቱርቦ መኪናችሁ ላይ ቡስት (ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የአየር ግፊት) ካስጨመራችሁ በኋላ ሞተሩ ዘይት ማላብ ከጀመረ፣ ጋርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ መተንፈስ መቻሉን አረጋግጡ።

የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ ከሚነደው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ ካርተር (የሞተሩ የታችኛው ክፍል) ይወርዳል። ቡስት ሲጨምር የሚሾልከውም ይጨምራል። መውጫ ካጣ ፓራኦሊዮውን ይገፋል፤ አንዳንዴ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳይቀር ብድግ ያደርገዋል። ከቱርቦው የሚመለሰው ዘይትም መውረድ ያቅተውና ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል። ስንቱ ደህና ቱርቦ በዚህ ተፈርዶበት ተጥሏል!

ፍተሻው በአንድ የላስቲክ ጓንት ያልቃል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ጓንቱን አፉ ላይ አልብሱት (የሚሽከረከረው ቺንጊያ፣ ማለትም ቀበቶው፣ እንዳይዘው ተጠንቀቁ)። ጣቶቹ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ከተሳቡ ደህና ነው። እንደ ፊኛ ከተነፋ ግን ወይ የፒሲቪ ቫልቩ (የካርተሩን ጋዝ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስወጣው) ተደፍኗል፣ ወይ ፋሻው ደክሟል። ቫልቩን አውልቃችሁ በማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ክፍል) በኩል ባለው አፉ በንጹሕ ቱቦ እፍ በሉበት፤ አየር ካሳለፈ ቡስቱ ራሱ ወደ ካርተር እየገባ ነው ማለት ነው፣ ቀይሩት።

ካች ካን (ከካርተሩ ጋዝ ጋር የሚወጣውን ዘይት የሚያጠራቅም ዕቃ) የምታስገጥሙ ከሆነ ውስጡ ወንፊት ወይም ግድግዳ ይኑረው፤ ባዶ ቆርቆሮ ዘይቱን አይለይም። ቱቦው ደግሞ ዘይት የሚችል፣ ቢቻል 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ መሀል ላይ ረግቦ ዘይት የሚቋጥርበት ጎድጓዳም አይኑረው። በብርድ ወቅት ካች ካኑ ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ብታገኙ አትደንግጡ፣ ከዘይት የተቀላቀለ እርጥበት ነው። ቶሎ ቶሎ ድፉት።