ካካዎን በማያዎች ወግ ማፍላት

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ትኩስ ነገር ያምራል። ዛሬ ሻዩን ተዉትና ማያ የተባሉት የጥንት ሕዝቦች በዛሬዎቹ ጓቲማላና ደቡብ ሜክሲኮ ሲጠጡት የኖሩትን ካካዎ፣ ቸኮሌት የሚሠራበትን ፍሬ፣ ሞክሩ። ወተት ስለሌለው ለጾምም ይሆናል።

ስኳር የሌለው የካካዎ ዱቄት ግዙ። ለአንድ ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ትንሽ የበቆሎ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና የፈላ ውሃ ላይ ጨምሩት፤ እንዳይጓጉል እያማሰላችሁ አብስሉት። ከዚያ ካካዎውንና ቁንጥር የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ ጨምሩ። መራራ ነው፣ መሆንም አለበት። ከከበዳችሁ ማር ጠብ አድርጉበት፣ ማያዎቹም አንዳንዴ ያደርጉት ነበር።

ዋናው አረፋው ነው፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሁለት ጆግ ያዙ፤ ለብ ሲል ባዶውን ጆግ መሬት ላይ አስቀምጡና ካካዎው ያለበትን ደረታችሁ ድረስ ከፍ አድርጋችሁ በቀጭኑ አንቆርቁሩ፤ እየቀያየራችሁ ደጋግሙት፣ አረፋው ወፈር ብሎ እስኪቆም። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በተሠራና ዛሬ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ባለ የማያ ሸክላ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ልክ እንዲህ ስታንቆረቁር ተሥላለች።

ስታቀርቡም በክብር ይሁን። ይህ መጠጥ ለአማልክት ይቀርብ ነበር፣ በሠርግ ይጠጣ ነበር፣ ከሟችም ጋር ይቀበር ነበር። ጓቲማላ ውስጥ ሪዮ አዙል በተባለ ቦታ ከ5ኛው ክፍለ ዘመን መቃብር የወጣ ማሰሮ ላይ ካካዎ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሲመረመርም የካካዎ ቅሪት ተገኝቶበታል። ፍሬው ገንዘብም ነበር፣ ገበያ ይወጣበት ነበር።

አረፋው ሳይወርድ ቶሎ በሲኒ ቅዱ።