አሮጌ ሬዲዮ ለምትሰበስቡ፦ እባካችሁ ቸኩላችሁ አትሰኩ

«ጋሼ፣ አሁን ከመርካቶ ይዤው መጣሁ። ስሰካው ጥሩ አድርጎ ዘፈነ፤ ከዚያ ጨሰ።» ይህ ስልክ ስንቴ እንደተደወለልኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ባለ ቫልቭ ሬዲዮ፣ ማለትም በውስጡ እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት የድሮ ሬዲዮ፣ እንደገዛችሁ አትሰኩ! አርባ ሃምሳ ዓመት ዕቃ ቤት የከረመ ሬዲዮ ውስጥ ያሉት የወረቀት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) እርጥበት ስበዋል። ማገድ የነበረባቸውን ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ከሁሉም የምትከፋው ከድምፅ ማውጫው ቫልቭ ፊት ያለችው ትንሿ ናት። እሷ ካሳለፈች ቫልቩ፣ ኢኤል 84 የሚባለውን ዓይነት በሉት፣ ከአቅሙ በላይ ይሠራል። የስፒከሩን ትራንስፎርመርም ይዞት ይሄዳል። እስከዚያው ግን ሬዲዮው ደህና ይዘፍናል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይሄ ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ሬዲዮ አምነው ሰጡኝ። ድምፁን ለመስማት ቸኮልኩና ሰካሁት። የቀለጠ ሰም ሸተተኝ፤ ስነቅለው ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል። ሌላ እስካገኝ ስምንት ወር ፈጀብኝ። ስምንት ወር ሙሉ ዓይናቸውን ማየት አፍሬ ነበር።

መጀመሪያ እነዚያን ካፓሲተሮች ቀይሩ። ከዚያ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ፣ ማለትም መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ ሬዲዮው እንዲሄድ፣ አገናኝታችሁ ሞክሩ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። እንደደመቀ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ንቀሉት።

ከጀርባው ያለው የቮልት መምረጫ 110 ወይም 127 ላይ ከሆነ ወደ 220 አዙሩት።

የቫልቮቹ ስም በ«ዩ» ከጀመረ፣ ለምሳሌ ዩኤል 84 ከሆነ፣ ሬዲዮው ብዙ ጊዜ ከግድግዳው መብራት የሚለየው ትራንስፎርመር የለውም። የውስጡ ብረት ራሱ መብራት ሊይዝ ይችላል። ሌላውም ቢሆን ከተነቀለ በኋላ ከ200 ቮልት በላይ አምቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ካቻቢቴ ይዛችሁ ዘላችሁ አትግቡበት።

ቫልቭ ጫፍ ላይ ያለው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነገር ቆሻሻም ቃጠሎም አይደለም። ደህና ቫልቮችን «ተቃጥለዋል» ብለው ሲጥሉ አይቻለሁ። የሞተው ብሩ እንደ ወተት የነጣው ነው፤ አየር ገብቶታል። ቫልቩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደግሞ በአልኮል አትጥረጉት፤ ይለቃል።

የጣቢያ መስታወቱን በውሃና በሳሙና አትጠቡ። የከተሞቹ ስም የተጻፈው በስተውስጥ ነው። አንድ ልጅ አጥቦ ሲያመጣልኝ ለንደን የለ፣ ሮማ የለ፣ ሂልቨርሰም የለ። ባዶ መስታወት! ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ እኔም አብሬው አዘንኩ። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማንሳት ይበቃ ነበር።

መስኮት ሥር አታስቀምጡት፤ ፀሐይ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ከግድግዳም ትንሽ አርቁት፤ ቫልቮቹ በጣም ይግላሉ፣ ሙቀቱ በጀርባ መውጣት አለበት። ሲሠራ በዳንቴል አትሸፍኑት።

እኚያ እናት ሬዲዮውን ቡፌው ላይ መልሰውታል። ማታ ሊከፍቱት ሲሉ መጀመሪያ ዳንቴሉን ያነሳሉ። አጥፈው ጎኑ ያስቀምጡና ጣቢያ መያዙን የምታሳየው አረንጓዴዋ ዓይን እስክትበራ ቆመው ይጠብቃሉ።