የባሌን ተራሮች ለመጎብኘት ጉዞን በከፍታ ማቀድ

ወደ ባሌ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ርቀቱን ነው። ርቀቱ ግን ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል እስከ ዲንሾ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ማልዶ የወጣ ተጓዥ ሳይመሽ ይደርሳል፤ ጊዜ የሚያጥረውም የበረራ ቀናቱን አረጋግጦ እስከ ሮቤ በአውሮፕላን መሄድ ይችላል። በባሌ የጉዞውን ዕቅድ የሚወስነው ከፍታው ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌሊት ውርጭ ከሚጥልበት አምባ ተነሥተው፣ ግንዱና ቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት በለበሰ ደን አልፈው፣ ላብ እስከሚያሰምጥ ቆላ ድረስ ይወርዳሉ። ስለዚህ ቦታዎቹን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያዩ መወሰን የሚያድሩበትን ሆቴል ከመምረጥ ሊቀድም ይገባል።

የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የሚበረታውም በዚሁ ወቅት ነው። የባሌ ተራሮች ከፍተኛ ሜዳ በሆነው በሳነቴ አምባ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰ ቅዝቃዜ ተመዝግቧል። ከቀኑ ሙቀት የተነሣ ብዙዎች ወፍራም ልብስ ሳይዙ ይመጣሉ፤ ማታ ግን ጓንት፣ የሱፍ ቆብና ለብርድ የተሠራ የመኝታ ከረጢት የግድ ያስፈልጋሉ። የዝናብ ልብስም በበጋ ጭምር ይያዙ፤ በከፍታ ላይ ፀሐይዋ ቆዳን ስለምታቃጥል ባርኔጣ አይርሱ። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ወቅታዊ ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም በቅርቡ ከተመለሰ ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጉዞውን ከዲንሾ ይጀምሩ፤ ቢቻልም ሁለት ሌሊት እዚያው ያሳልፉ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት በዚህች ትንሽ ከተማ ይገኛል፤ የመግቢያ ክፍያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚ፣ ፈረስና ጓዝ ጫኝ የሚገኘውም እዚሁ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በእነዚህ ሁለት ሌሊቶች ሰውነትዎ ለሳነቴ ይዘጋጃል። ጊዜውም በከንቱ አይባክንም። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ያለው የጥድና የኮሶ ደን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ፣ ሳይደነግጥ የሚታይበት ቦታ ነው። ይህ ቁመቱ የፈረስ ያህል የሆነ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ እንስሳ በሳይንስ ዘንድ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከታላላቅ የአፍሪካ አጋዘኖች ሁሉ ዘግይተው ከታወቁት አንዱ ነው። ንጋት ላይ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በእግር፣ በዝግታና ያለ ወሬ ከሄዱ ከኒያላው ጋር የምኒልክ ድኩላንና ከርከሮን ያያሉ። ከከተማዋ አጠገብ ያለውን የጋይሳይ ሜዳም በተመሳሳይ ሰዓት ይጎብኙ።

ሁለተኛውን ቀን ለዌይብ ሸለቆ ይስጡት። መንገዱ ለመኪና አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በእኔ እምነት ይህ ጉዞ የሚያምረው በፈረስ ነው፤ የባሌ ሰው ፈረስን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ ፈረስ ጋልቦ የማያውቅ እንግዳም ሳይቸገር ይሄዳል። በሸለቆው ከብቶቻቸውን እንደየወቅቱ ወደ ደጋው ግጦሽ የሚያወጡና የሚያወርዱ አርብቶ አደሮች ያጋጥሙዎታል። ይህ የቆየ ልማድ ጎዳንቱ ይባላል፤ ከብቶቹ ማዕድን ያለበትን ውኃ የሚጠጡባቸው ምንጮች ደግሞ ሆራ ይባላሉ። ሰላምታ ሳይሰጡ አይለፉ፤ በኦሮምኛ «አካም» ማለትና ሲለዩ «ገላቶማ» ብሎ ማመስገን ብዙ በር ይከፍታል።

በሸለቆው ካለው የፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ብዙም ሳይርቅ ተመሳሳይ ስም ያለው የዋሻ መጠለያ አለ። ለዓይን ተራ ዐለት ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የቁፋሮ ጥናት ግን ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በዚህ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ባልጩት እየፈለጡ መሣሪያ ይሠሩ፣ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ከበላያቸው ያለው ተራራ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። አስጎብኚዎ ወደዚያ እንዲወስድዎ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። በቦታው ሲደርሱም አፈሩን መጫር ወይም የድንጋይ ስባሪ ማንሣት አይገባም።

ሦስተኛው ቀን የሳነቴ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ምሽት ወደ ጎባ ወርደው ይደሩ፤ ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ እንቅልፍ ይቀላል። ቀን ወደ ላይ ወጥቶ ሌሊት ዝቅ ብሎ ማደር ለጤና የሚበጅ ሥርዓት ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያልፈው መንገድ አምባውን አቋርጦ ስለሚሄድ በመኪና እስከ 4,000 ሜትር፣ በቅርንጫፉ መንገድም እስከ 4,377 ሜትሩ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ መውጣት ይቻላል። ይህ ምቾት አደጋም አለው፤ በእግር የወጣ ሰው ቀስ በቀስ የሚለምደውን ከፍታ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ያደርሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማዎ ዐረፍ ይበሉ፤ ውኃ ይጠጡ፤ አልኮል ፈጽሞ አይቅመሱ። ሕመሙ ከባሰ፣ በተለይም ቁጭ ባሉበት ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ሲራመዱ ከተንገዳገዱ ወይም ሐሳብዎ ከተምታታ አንድ ደቂቃ ሳይጠብቁ ወደ ታች ይውረዱ። ለዚህ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው።

ወደ ሳነቴ የሚወጣ ሰው ሁሉ ቀይ ቀበሮን ለማየት ይመኛል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። እንስሳው የሚኖረው በመንጋ ቢሆንም የሚያድነው ብቻውንና በቀን ነው። ዋነኛ ምግቡ የሆነው ግዙፉ ፍልፈል ፀሐይ አፈሩን ስታሞቀው ከጉድጓዱ ብቅ ስለሚል ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ፍልፈሉ የእግር ኮቴን ከሩቅ ያዳምጣል፤ ስለዚህ በሜዳው ላይ መመላለስ ለቀበሮውም ለእርስዎም አይጠቅምም። መኪናውን አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር ሜዳውን ቀስ እያሉ ይቃኙ። በዚህ ትዕግሥት መካከል ሰማያዊ ክንፍ ዝይን፣ ዕድል ከቀናም በረግረጉ ዳር የሚቆም ኩሩ ሽመላ መሳይ ወፍ ያያሉ። እንደ ዓምድ ቆመው የሚታዩት ተክሎች ጅብራ ናቸው፤ ለዓመታት አድገው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባሉ፤ ከዚያም ይሞታሉ። ለፎቶግራፍ ብሎ ቅጠላቸውን መስበር የብዙ ዓመት ዕድገትን ማጥፋት ነው።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የጨፈጨፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታው የሚመጣው ከቤት ውሾች ነው። ስለዚህ ወደ ፓርኩ ውሻ ይዞ መግባት አይገባም፤ የምግብ ትራፊም ውሾችን ስለሚስብ መጣል የለበትም። በአምባው መንገድ ላይ በፍጥነት መንዳትም ቀበሮዎችን ገድሏል፤ ሾፌርዎን በግልጽ ያሳስቡ።

ከሳነቴ ደቡባዊ ጫፍ መንገዱ ወደ ሐረና ደን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ባዶው አምባ በአስታ ዛፎች፣ አስታው በቀርከሃ፣ ቀርከሃው በታላላቅ ዛፎች ይተካል። በሪራ መንደር አካባቢ ቆም ብለው፣ የቀርከሃ ቅጠል የሚመገበውንና ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋዎች ውጪ የማይገኘውን የባሌ ጦጣ ይፈልጉ። በዛፎቹ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች የነዋሪዎቹ ሀብት ናቸው፤ የደን ማሩንና ከዝቅተኛው ደን የሚለቀመውን የጫካ ቡና በቀጥታ ከእነርሱ መግዛት ደኑ እንዲቆይ ይረዳል። በደኑ ውስጥ አንበሳ ስላለ ያለ አስጎብኚ ርቀው አይሂዱ።

ወደ ሮቤ ተመልሰው በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ወፍራሙን ልብስ አውልቀው ሶፍ ዑመር ዋሻ ይደርሳሉ። ቀደም ሲል በፈረስ የተከተሉት ያው የዌይብ ወንዝ እዚህ የኖራ ድንጋይን ሰርስሮ በመሬት ሥር ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የተለካው የዋሻው መተላለፊያ 15.1 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ላይኛውን ሸለቆ ሳያዩ ወደዚህ ለሚመጡ ሰዎች አዝናለሁ፤ ውኃው ከየት እንደመጣ ያወቀ ሰው በድንጋይ ዓምዶቹ መካከል ሲቆም የሚሰማው ሌላ ነው። ወንዙን በእግር መሻገር ስለሚያስፈልግ በዝናብ ወራት፣ ወይም በደጋው ዝናብ በጣለ ማግስት አይግቡ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት የእጅ ባትሪ፣ ቢረጥብ የማያሳስብ የማያንሸራትት ጫማና የአካባቢው መንገድ መሪ ያስፈልጋል። ዋሻው ስሙን ያገኘው በውስጡ ተጠልለው ነበር ከሚባሉት ሼህ ሶፍ ዑመር በመሆኑ ምእመናን በክብር ይይዙታል፤ ጩኸትና በግድግዳ ላይ መጻፍ ነውር ነው።

ቀን የተረፈው ተጓዥ የመጨረሻውን ለድሬ ሼህ ሁሴን ያድርገው። በነጭ የተቀቡት ጉልላቶችና ቅጥሮች የሼህ ኑር ሁሴን መቃብር የሚገኝበትን ስፍራ ይከባሉ፤ ተሳላሚዎቹም ጫፉ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው በትር ይዘው፣ ባህሮ የተሰኘውን ምስጋና እያዜሙ ከሩቅ በእግር ይመጣሉ። ከቅጥሩ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፤ የሚጸልይን ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት አይፈቀድም። ከታላላቆቹ ጉባኤዎች አንዱ ከዐረፋ በዓል ጋር የተያያዘ ነው፤ የሂጅራ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣም ቀኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። በጉባኤው ወቅት ለሚሄዱ ማደሪያ እንደማይገኝ ቆጥረው ድንኳንና ስንቅ ይያዙ፤ ስፍራውን በጸጥታ ማየት የሚፈልጉ ደግሞ በሌላው ጊዜ ቢሄዱ ቅጥሩን የሚጠብቁት አባቶች ታሪኩን ለመንገር ሰፊ ጊዜ ይኖራቸዋል።